ጭምት አፍ ስታወጣ

አናኮርቴስ፣ ከጀልባ ዕቃ ሱቅ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣
«የትኛው ይስማማሽ?» አለ ሻጩ፣ ዓይን ዓይኔን ሲያይ።
አንዱ በጣሳ ነው፣ እንደ በረሮ መርጫ፣
ጋዙ ሲያልቅ ደግሞ የልጆች መራገጫ።
አንዱ በአፍ የሚነፋ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለል ያለ፣
ከሕፃን ልደት ላይ የተረፈ መሰለ።
ሦስተኛው መንታ ነው፤ ሁለት አፍ፣ አንድ ጉሮሮ፣
ከባትሪ የሚጠጣ፣ ኒኬል ለብሶ፣ አምሮ።

እኔ የፈለግሁት የመርከቡን ድምፅ ነበር፣
ያን ወፍራም፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚሰፍር።
ሳቀብኝ፦ «ሃያ ሁለት ጫማ ጀልባ ይዘሽ፣
እንደ ፌሪ ብታጓሪ፣ ሰው ተራራ መጣ ብሎ ይሽሽሽ?
ትልቅ በወፍራሙ፣ ትንሽ በቀጭኑ፤
ቁመት በድምፅ ነው፣ ጉም በሚወርድ ቀኑ።»

መንታውን ገዛሁ።

ጀልባዬ «ጭምት» ናት፤ ስም ያወጣሁላት
ሞተሯ ሲነሣ እንኳ አንገቷን ደፍታ ስላየኋት።
ጣሪያዋን በሳሁት፣ በተዋስኩት መሰርሰሪያ፣
ዙሪያውን ለቀለቅሁ ሙጫ፣ ለውኃ መከልከያ።
አፉን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ ባስረው፣
ከጎረቤት ጀልባ ራግንሂልድ መጥታ ደፋችው፦
«ወደ ላይ ያፈጠጠ ጥሩንባ ዝናብ ይጠጣል፤
ዝናብ የጠጣ ደግሞ፣ ጭንቅ ሲመጣ ያነጥሳል።»
(ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሳልሞን መረብ ስትጎትት ኖራ
ቀኝ ጆሮዋን ሞተር ወስዶታል፤ የቀራት ግራ።)

ቁልፉን ተጫንኩት።
ጉንፋን እንደያዛት ዶሮ «ቅእእ» አለና ጸጥ።
ያን ሁሉ ብር ከፍዬ! ልፈታው ስል፣ ስቆጣ፣ ስበሳጭ፣ ስቁነጠነጥ፣
እሷ ሽቦውን ዳሰሰች፦ «ጥፋቱ የአፉ አይደለም፤
በዚህ ክር በመሰለ ሽቦ፣ ጉርሻው አይደርሰውም።»
ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፣ ከባትሪው እስከ ጣሪያ፣
መሀሉ ላይ ፊውዝ፣ ለእሳት መቆጣጠሪያ።
ደግሜ ብጫን፣ የባሕር ወፍ ሁሉ ከምሰሶው ተነሣ፤
ሦስት ጀልባ ዘልሎ አንድ ውሻ እንቅልፉን ረሳ።

አባቴ ደሴ ላይ የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበር።
ሌሊት አሥር ሰዓት ሲነፋ፣ ከእንቅልፉ ይባንን ነበር ሰፈር፦
«ማን ይሆን?» እያለ፣ አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣
የየቤቱን በሽተኛ በልቡ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ ነጥሎ።
ነሐሱን በሎሚና በአመድ የምወለውለው እኔ ነኝ፤
አፌን ላስጠጋው ስል ግን፣ «ለሴት ልጅ አይሆንም» ይለኝ።

ነሐሴ። የሮዛሪዮ መተላለፊያ።
የጀልባዬን አፍንጫ ጉም በላው፣ ቀጥሎ እጄን።
ራዳር የለኝ። ሰዓቴን አየሁ። ተጫንኩ።
አንድ ረጅም፣ እስከ አምስት ቆጥሬ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጆሮ ብቻ።
እንደገና።
እንደገና።
አባቴ ሲነፋ፣ ትርጉሙ «አንድ ሰው ጎደለ» ነው።
ያው ነፋስ፣ ያው ብረት፣ በእኔ እጅ ግን ቃሉ ሌላ ነው፦
አለሁ።
አለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ አትምጣብኝ።

ሰባተኛው ላይ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ።
ከግራ፣ ከሩቅ፣ ያ የተመኘሁት ወፍራም ድምፅ ዘለቀ፤
ውኃው በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።
እሱም ያንኑ ነው ያለው፦ አለሁ። ተራራ አክሎ፣ የፈራ።
ተጫንኩ። ፍጥነቴን ቀንሼ እስኪያልፍ ጠበቅሁት በተራ።
መስኮቶቹን አላየሁም። ማዕበሉ ብቻ መጥቶ
ጭምትን አንዴ አነሣት፣ መልሶ አኖራት፣ አባብሎ፣ ትቶ።

ወደቡ ላይ ራግንሂልድ ገመድ እየጠቀለለች ነበር።
ቀና አላለችም። ገመዴን ወረወርኩላት፤ አሰረች፤ አጠበቀች፤
«አሥራ አንዴ ነፋሽ» አለች።
«ሰባተኛው ዘገየብኝ።»